በሽንት ጠብታ የሚታወቀው ቢልሃርዚያ

ብቸናና ሞጣ ደጋ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። የአካባቢው ገበሬ ግን ለእርሻና ለቀን ሥራ ወደ ዓባይ ቆላ ሲወርድ ቢልሃርዚያን ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ትሉ ቀንድ አውጣ ካለበት ውሃ ተነሥቶ በቆዳ ይገባል። በአንጀት ደም ሥሮች ውስጥ ሆኖ እንቁላል ይጥላል፤ እንቁላሉም እያደር ጉበትን ይጎዳል፤ ሆድንም ውሃ ያስቋጥራል።

የተለመደው ምርመራ እንቁላሉን በሰገራ ውስጥ በማይክሮስኮፕ መፈለግ ነው። ትሉ ጥቂት ከሆነ ግን እንቁላሉ በየቀኑ ስለማይገኝ፣ አንድ ቀን ብቻ የተመረመረ ሕመምተኛ «ነፃ ነህ» ተብሎ ሊመለስ ይችላል።

ይህን ጉድለት የሚያቃልል የሽንት ምርመራ አለ። በሕይወት ያለው ትል ከአንጀቱ የሚተፋው ንጥረ ነገር በደም አልፎ በሽንት ይወጣል። ጠብታው በመመርመሪያው ላይ ሲደረግ በ20 ደቂቃ ያህል መስመር ይታያል፤ መርፌ አያስፈልግም። ሆኖም ደብዛዛ መስመር ያጠራጥራል፤ ወስፋትንም አይለይም። መመርመሪያው በሌለበት ሰገራን በተለያዩ ቀናት ደጋግሞ ማስመርመር ይበጃል።

ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል፤ ዳግም ከመያዝ ግን አያድንም። ስለሆነም የገበሬው መሪዎች ከቆላ የተመለሱትንና ወንዝ የሚዋኙትን ልጆች ለምርመራ ማስተባበር፣ መጸዳጃ ማስቆፈርና ሰገራ ወደ ውሃ እንዳይገባ መጠበቅ ይገባቸዋል።