ቤትን ስለ ማሻሻልና የከተማን ፕላን ስለ ማክበር

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ስሜን የሚወጣ መንገደኛ የወገራን ደጋ ከያዘ በኋላ መጀመሪያ አምባ ጊዮርጊስን፥ ቀጥሎም ዳባትን፥ በመጨረሻም ደባርቅን ያገኛል። ሦስቱም ከተሞች በአሠራራቸው የተመሳሰሉ ናቸው። ቤቶቹ በአውራው መንገድ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን ለመንገዱና ለገበያው፥ ጀርባቸውን ለጓሮ ሰጥተው ይታያሉ። የዚህም ምክንያት የታወቀ ነው። የቦታዎቹ ስም የቆየ ቢሆንም ቅሉ፥ ጣልያን አገራችንን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን የሊማሊሞን ገደል ቆርጦ ከጎንደር ወደ አስመራ የሚያልፈውን የመኪና መንገድ ስላወጣ፥ ከዚያ ወዲህ ነጋዴውም ባለእጁም ቤቱን የሠራው መንገዱን እየተከተለ ነው። እንግዲህ በነዚህ ከተሞች ቤት ቀድሞ፥ ፕላን ግን ተከትሎ የመጣ መሆኑን አስቀድሞ ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ዛሬ ልንናገርበት የተነሣንበት ችግር አብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ነውና።

ቤት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ሰው ትዳር ሲይዝ በባሕር ዛፍ ቋሚና በጭቃ ሁለት ክፍል ይሠራል። ልጆች ሲወለዱ ጓዳው ይጠባል፤ ጢሱ ሕፃናቱን ሲያስቸግር ማድ ቤቱን ከመኖሪያው መለየት ያሻል፤ ልጅ ሲዳር ጎጆ መውጫ የሚሆን አንድ ክፍል ይፈለጋል፤ ባል የሞተባት እናት ደግሞ በመንገዱ በኩል ያለውን ክፍል ከፍታ ጥቂት ሸቀጥ ብትሸጥበት ለልጆቿ ጉርስ ይሆናታል። የወገራ ብርድም ለማንም የሚራራ ስላይደለ፥ የሣሩን ክዳን በቆርቆሮ መለወጥ፥ የተሰነጠቀውን ምርጊት ማደስ፥ ከደጁ ላይ ነፋስ የሚመልስ ታዛ ማውጣት በየዓመቱ የሚታሰብ ሥራ ነው። ይህ ሁሉ ለባለቤቱ የኑሮ ጉዳይ ነው። ማዘጋጃ ቤት ሲደርስ ግን ጥያቄ ይሆናል። ታዛው ወደ መንገዱ ክልል ገብቶአልን? ቦታው በፕላኑ የተመደበው ለመኖሪያ ነው ወይስ ለንግድ? የአዲሱ ክፍል ጠፈጠፍ በማን አጥር ላይ ይወርዳል?

እነዚህ ጥያቄዎች መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ፕላን የሌለው ከተማ እሳት የተነሣበት ቀን ውኃ የሚያልፍበት መንገድ አያገኝም፤ ክረምትም ሲገባ የአንዱ ጎርፍ ወደ ሌላው ጓዳ ይገባል። ሰው በገዛ ቤቱ እንኳ የወደደውን ሁሉ ማድረግ እንደማይገባው ሊቃውንቱ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ላይ ሰው ወድቆ የደም ዕዳ እንዳያመጣበት ዙሪያውን መከታ እንዲያበጅለት ታዟል። በስንክሳር የቅድስት ኢላርያ አባት ሆኖ የሚታወቀው ንጉሥ ዘይኑንም፥ እርሱም በአውሮፓ አቆጣጠር ከ474 እስከ 491 በቁስጥንጥንያ የነገሠው፥ ለዚያች ከተማ የሕንፃ ሕግ አውጥቶ ነበር። በሁለት ቤቶች መካከል 12 ጫማ ስፋት እንዲተው፥ ቤቱን የሚያድስም ሰው ከቀድሞው ቅርፅ አልፎ የጎረቤቱን ብርሃንና እይታ እንዳይከለክል ደነገገ። ነገር ግን ያው ሕግ ባለቤቱ ቅርፁን ለመለወጥ ከጎረቤቱ ጋር የተዋዋለው ውል እንዳለው በውሉ ይጠቀም ዘንድ ፈቀደለት። ይህ ድንጋጌ በኋላ በዩስቲንያኖስ የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። የፍትሐ ነገሥት ሥጋዊ ክፍልም አያሌ ሥርዓቶቹን የወረሰው ከሮም ነገሥታት ሕግ መሆኑ የታወቀ ነው። እንግዲህ ደንብና ከደንብ የሚወጣበት በር አብረው የኖሩ ናቸው፤ ሁለቱን እንደ ጠላት ማየት ከልማድ እንጂ ከሕግ የመጣ አይደለም።

በአገራችን ግን ፕላን የሚለው ቃል በጥርጣሬ ሲሰማ ኖሮአል፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በወረራው ዘመን ጄራርዶ ቦዚዮ የተባለ ኢጣልያዊ አርክቴክት ለጎንደር ከተማ ፕላን ሲያወጣ የጣልያኑን መኖሪያና የአገሬውን መኖሪያ ለይቶ ነበር። ለሕዝቡ ፕላን ማለት ተነሥ ማለት ሆነበት። ከዚያም ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጥቶ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ፥ ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ መኖሪያ ቤትና እስከ 500 ካሬ ሜትር የሚደርስ ቦታ ተፈቀደ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩት ትርፍ ቤቶች በቀበሌዎች እጅ ገቡ። ከዚህ የተነሣ ተከራዩ ቤቱ የእኔ አይደለም በማለት፥ ቀበሌውም ኪራዩ ለጥገና አይበቃም በማለት፥ ቤቱን ዝናብ ሲያፈርሰው ሁለቱም ቆመው ያዩት ሆነ። ግድግዳው ያዘመመ የቀበሌ ቤት ያልታየበት የኢትዮጵያ ከተማ ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለንም።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ በየጊዜው እየተሻሻለ ሄዶአል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ለ10 ዓመት የሚጸና መዋቅራዊ ፕላንና እርሱን የሚያስፈጽም የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲዘጋጅ አዘዘ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ አዲስ ሕንፃ መሥራት ብቻ ሳይሆን የተሠራውን መለወጥና ማስፋፋትም ከሕንፃ ሹም ፈቃድ እንዲወጣለት ደነገገ። ከሁለት ፎቅ በታች የሆነውን መኖሪያ ቤት በመጀመሪያው ምድብ፥ በምድብ «ሀ» አስገባው፤ በሹሙ ውሳኔ ቅር የተሰኘም ሰው አቤት የሚልበት የይግባኝ ቦርድ እንዲኖር አደረገ። ያ አዋጅ ሲወጣ 10,000ና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች፥ ከዚያ ለሚያንሱት ደግሞ ክልሉ ሲወስን እንዲሠራ ተብሎ የተጻፈ ነበር። ይህች የመጨረሻዋ ቃል ትንሽ ትመስላለች፤ በወገራና በስሜን ግርጌ ላሉት ንኡሳን ከተሞች ግን ትልቅ ነገር ናት። ለትልቁ ከተማ በተሰፋ ልብስ ትንሹን ማልበስ ይገባልን ወይስ አይገባም የሚለውን ፍርድ ለአቅራቢያው ባለ ሥልጣን ትታለታለችና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከፕላኑ በፊት የተሠራ፥ ወርዱ ጠባብ የሆነ አንድ ይዞታ በአውራው መንገድ ዳር አለ እንበል። ፕላኑ ከመንገዱ ፈቀቅ በል ይላል፤ በስተኋላው የጎረቤት አጥር አለ፤ በጎኑ ጎርፍ የቆረጠው ሸለቆ አለ። ደንቡ በቃሉ ቢፈጸም በዚያ ቦታ ላይ ሽንት ቤት እንኳ የሚቆምበት አይገኝም። ባለቤቱ ፈቃድ ሲጠይቅ ቀያሹ መጥቶ ይለካል፤ የለካውንም ጽፎ አይቻልም ብሎ ይመልሳል። ቀያሹ አልዋሸም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ለባለቤቱ የሚቀሩት መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ክፉዎች ናቸው። አንደኛው ቤቱ በላዩ እስኪወድቅ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ሁለተኛው ከጸሓፊው ጋር መወዳጀት ነው፤ የዚህን ትርጓሜ ማብራራት አያስፈልገንም። ሦስተኛው ቅዳሜ ማታ ጭቃውን አቡክቶ እሑድ ሲነጋ ግድግዳውን ማርጎ መገኘት ነው። ሕዝቡ ይህን የመሰለውን ሥራ የጨረቃ ቤት ብሎ ሰይሞታል። ሌሊት የሚሠራ ሰው መሠረቱን አጥልቆ አይቆፍርም፤ ቋሚውንም አጥብቆ አይተክልም፤ የጎረቤቱንም ድንበር በጨለማ አያይም። ስለዚህ ደንቡ ሊጠብቀው የተነሣው ነገር ሁሉ በደንቡ ጥብቀት ምክንያት ይጠፋል።

መንግሥትም ራሱ ይህን ሳይረዳው አልቀረም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ያለ ፈቃድ የተያዙት ይዞታዎች ከፕላን ጋር እየተገናዘቡ በ4 ዓመት ውስጥ ሥርዓት እንዲይዙ አዟል። ይህ ማለት አስቀድሞ በቀን ሊመረመርና ሊፈቀድ ወይም ሊከለከል ይችል የነበረው ነገር፥ ከተሠራ በኋላ በብዙ ድካም ተመረመረ ማለት ነው።

የሌላውንም አገር ልማድ ጥቂት እንመልከት። በአሜሪካ የኒውዮርክ ከተማ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1916 ከተማውን ለመኖሪያና ለንግድ ከፍሎ የሕንፃን ቁመትና ስፋት የሚወስን ደንብ ሲያወጣ፥ ከደንቡ ጋር አብሮ የአቤቱታ ሸንጎ አቆመ። ደንቡን በቃሉ መፈጸም በአንድ ቦታ ላይ የማይገባ ችግር የሚያመጣ ሲሆን፥ ሸንጎው የደንቡን ሐሳብ ጠብቆ ቃሉን ለዚያ ቦታ ያላላ ዘንድ ሥልጣን ተሰጠው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ምንም ያህል ቢጠበቡ እያንዳንዱን ገደልና እያንዳንዱን ጠባብ ቦታ አስቀድመው ሊያውቁት እንደማይችሉ ራሳቸው ተረድተው ነበር። በዚያ አገርም ቢሆን ሸንጎው ለባለጸጋና ለባለ ወዳጅ ሲያደላ ተገኝቶ ብዙ ተወቅሶበታል። ስለዚህ በሩን መክፈት ብቻ አይበቃም፤ በሩ በማን እጅና በምን ምክንያት እንደሚከፈት መወሰን ያስፈልጋል።

በእኛ አስተያየት ልዩ ፈቃድ የሚሰጠው ለቦታው እንጂ ለሰውየው መሆን የለበትም። ሸለቆ ያለበት፥ ድንጋይ የበዛበት፥ ወይም መንገድ ሲሰፋ ግማሹ የተቆረጠበት ይዞታ ችግሩ የቦታው ነው፤ ማንም ቢይዘው ያው ነው። ሰፊ ግቢ እያለው ለኪራይ የሚሆን አንድ ክፍል ስለ ጨመረልኝ ብቻ መንገዱን ልጠጋ የሚለው ሰው ችግሩ የገንዘብ ነው። ይህን መለየት ለቀያሽ አይከብድም፤ የሚከብደው ለዝምድና ነው። ስለሆነም ነገሩ በአንድ ሰው ቢሮ ውስጥ ከሚያልቅ፥ ማመልከቻው በማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ተለጥፎ፥ የአዋሳኞቹ ቃል ተሰምቶ፥ የተፈቀደበት ወይም የተከለከለበት ምክንያት በመዝገብ ቢጻፍ፥ ለሹሙም ለራሱ መከታ ይሆነዋል። ኋላ መርማሪ መጥቶ ለእገሌ ስለምን ፈቀድህ ቢለው፥ ይኸው የጎረቤቶቹ ቃል፥ ይኸው የቦታው ልክ ብሎ ያሳየዋልና። ለሚቀጥለውም አመልካች ከዚህ በፊት የተወሰነው እንደ ምሳሌ ይሆንለታል።

ሁሉን በመከልከል ከወቀሳ እድናለሁ የሚል ሹምም አለ። ይህ ሰው ጉቦ አይበላም፤ ነገር ግን በእርሱ ዘመን የተሠሩትን የጨረቃ ቤቶች ቢቆጥሩ ጉቦ ከሚበላው ያነሱ ላይሆኑ ይችላሉ።

ካህናትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። በወገራ የድንበርና የጠፈጠፍ ጠብ ወደ ማዘጋጃ ቤት ከመድረሱ በፊት የሚደርሰው ወደ ንስሓ አባትና ወደ ሽማግሌ ነው። ብዙ ጊዜም እዚያው ያልቃል፤ ዳሩ ግን በቃል ያለቀው ዕርቅ ሽማግሌው ሲሞት አብሮ ይቀበራል፤ ልጆቹም ጠቡን እንደ አዲስ ይጀምሩታል። ዕርቁ በጽሑፍ ሆኖ ከፈቃዱ ማመልከቻ ጋር ቢያያዝ፥ ያ የዘይኑን ሕግ ውል ያለው ዓይነት ማስረጃ በሆነ ነበር። ደግሞም ደብሮች ራሳቸው በቅጥራቸው ዙሪያ ለኪራይ የሚሆን ቤትና ሱቅ ሲሠሩ፥ እንደ ማንኛውም ባለ ይዞታ ፈቃድ ቢጠይቁ ምእመናንን ያስተምራሉ። በደጀ ሰላም ግድግዳ ላይ የተጠጋ ያልተፈቀደ ሱቅ እያለ ስለ ሕግ ማክበር መስበክ አስቸጋሪ ነው።

ጉዳዩ ደባርቅ ላይ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በአደጋ ላይ ካሉት የዓለም ቅርሶች መዝገብ ይወጣ ዘንድ ከተደረጉት ሥራዎች አንዱ በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ሰዎች፥ ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች፥ ወደ ደባርቅ መዛወራቸው ነበር፤ ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ ተሠረዘ። በተራራው ላይ ከብቱን በቤቱ አጠገብ አሳድሮ ገብሱን በደጁ ሲወቃ የኖረ ገበሬ ከተሜ ሲሆን፥ የከተማ ቦታ ልክ የሚያውቀው ከከተማው ሰው በተለየ አኳኋን ነው። እንዲህ ያለው ሰው በግቢው የላም ቤት ወይም የእህል ጎታ ማስጠጊያ ቢጨምር፥ ስለ ምን ጨመርህ ከማለት አስቀድሞ ስለ ምን እንደሚያስፈልገው መጠየቅ ፍትሕ ይመስለናል። እርሱ ለአገር ጥቅም ሲል ከአባቶቹ ደጅ የወጣ ነውና።

አንድ ነገር ብቻ ጨምረን እናቆማለን፤ እርሱም የጊዜ ጉዳይ ነው። በወገራ ቤት የሚሠራበት ወራት የታወቀ ነው። መኸር ገብቶ የገብሱ ጭድ ሲገኝ፥ መሬቱም ሲደርቅ፥ ጭቃ ይቦካል፤ ግድግዳውም ዝናብ ሳይመታው መድረቅ አለበት። ሰው በኅዳር ላቀረበው ማመልከቻ በሰኔ መልስ ቢሰጠው፥ መልሱ ይሁን ቢልም ለዚያ ዓመት አይሆን እንዳለው ያህል ነው። ስለዚህ ለምድብ «ሀ» ቤቶች የሚቀርበው የማሻሻያና የልዩ ፈቃድ ጥያቄ በኅዳርና በታኅሣሥ ተሰብስቦ፥ አዋሳኞቹም በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ሊገኙ በሚችሉበት ጊዜ ቃላቸው ተሰምቶ፥ ውሳኔው ከጥር ሳያልፍ ቢሰጥ፥ ባለቤቱ የካቲትና መጋቢት ለሥራ ይቀሩለታል።