መረቡም ጀልባውም ይታጠብ ወይ?

(ለመሠረተ ትምህርት አድማጮች በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተገለበጠ)

ደብተርና እርሳስ አዘጋጁ። የዛሬው ቃል «እምቦጭ» ነው። አራት ፊደል ነው፤ እ፣ ም፣ ቦ፣ ጭ። ጻፉት። አሁን ስለ ነገሩ እንነጋገር።

እምቦጭ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ አረም ነው። የቅጠሉ እግር እንደ ፊኛ ያበጠ ነው። በውስጡ አየር ስላለ አይሰምጥም። አበባው ወይን ጠጅ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ያምራል። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ወንዝ አካባቢ ነው። ባሕር አሻግሮ ወደ ሌላው ዓለም የወሰደው ሰው ነው። አበባውን ወደደው፤ ለኩሬ ጌጥ ብሎ ወሰደው። ጌጡ ግን ከኩሬው ወጣ።

በአገራችን አረሙ በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ የታየው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። በጣና ሐይቅ ላይ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ፣ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ የመገጭ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ ነው። ከዚያ ወዲህ የዳርቻው ገበሬ ስንት ጊዜ ለዘመቻ ወጣ! ውሃ ውስጥ እየገባ በእጁ ነቀለ። አረሙ ግን ሲመቸው በ2 ሳምንት እጥፍ ይሆናል። ዘሩም ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ዛሬ የነቀልነውን ልጃችን አድጎ እንደገና ሊነቅለው ነው ማለት ነው።

አንዳንድ ሰው «ለምን አያቃጥሉትም?» ይላል። ተማሪዎቼም ይህንኑ ይጠይቃሉ። እርጥቡ እምቦጭ ከ100 ኪሎው ከ90 ኪሎ በላይ ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ አይነድም። መጀመሪያ መድረቅ አለበት።

አረሙ ውሃውን እንደ ምንጣፍ ይሸፍናል። ያን ጊዜ ብርሃን ወደ ታች አይገባም፤ ዓሣው የሚተነፍሰው አየር ያንሳል። ታንኳ መንገድ ያጣል። ከብት ውሃ ሊጠጣ ሲመጣ ዳርቻው ተዘግቶ ያገኘዋል።

ታዲያ እናንተ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ሰዎች፣ «እኛ ሐይቅ የለን፣ ጀልባ የለን፤ ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው በውሃችን መንገድ ላይ ነው።

ቡራዩ አጠገብ የገፈርሳ ግድብ አለ። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ የተወሰነው ከዚያ ይመጣል። ከገፈርሳ በታች ያለው ውሃ ትንሹ አቃቂ ይሆናል። ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ይገባል። ከአባ ሳሙኤል አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽም ቆቃ ይደርሳል። የሰበታ ወንዝም የአዋሽ ገባር ነው። ሱሉልታ ግን ከእንጦጦ ጀርባ ናት። የእሷ ውሃ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሙገር ይወርዳል፤ ሙገርም ዓባይ ይገባል። ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ የሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል። ውሃቸው ግን የሚሄደው ወደ ሁለት ትልልቅ ወንዞች ነው።

እምቦጭ በአባ ሳሙኤልም አለ፣ በቆቃም አለ። ከአባ ሳሙኤል ወደ ቆቃ ለመውረድ የማንም እርዳታ አያስፈልገውም፤ ወንዙ ይወስደዋል። ከቆቃ ወደ ገፈርሳ ግን ውሃ ሽቅብ አይወጣም። እንጦጦንም ተሻግሮ ሱሉልታ የሚደርስ ወንዝ የለም። ዘር በወፍ እግር ላይ ተጣብቆ ሊሄድ ይችላል፤ ይህን አልክድም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ግን መኪና ላይ የተጫነ እርጥብ መረብ ነው። ጭቃ የያዘ ጀልባ ነው። የዓሣ ጫጩት የተጫነበት የበርሜል ውሃ ነው። ለቤት ጌጥ ተብሎ በባልዲ የመጣ አበባም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ክርክሩ ከዚህ ይነሣል። ባለ ጀልባውንና ዓሣ አስጋሪውን «ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ስትሄድ ዕቃህን አጥበህ፣ አድርቀህ ግባ፤ አለዚያ ትቀጣለህ» ብሎ በደንብ ማስገደድ ይገባል ወይ?

ይገባል የሚሉት እንዲህ ይላሉ። ምክር ብቻ አይበቃም። 99 ሰው አጥቦ አንዱ ሳያጥብ ቢገባ የ99ኙ ድካም ከንቱ ነው። መረብ ለማጠብ የሚፈጀው ጥቂት ሰዓት ነው፤ አረም ለመንቀል ግን ስንት ዓመት ይፈጃል! በሌላ አገርም ይሠራበታል ይላሉ። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያና በኔቫዳ ወሰን ላይ፣ ታሆ የሚባል ሐይቅ አለ። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለ ሞተር ጀልባ ሁሉ ሳይመረመር ወደ ሐይቁ አይገባም። እዚያ የሚፈሩት ባዕድ የውሃ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ነው፤ ጀልባ ላይ ተጣብቆ ይጓዛል። ቆሻሻ ጀልባ በሙቅ ውሃ ይታጠባል። ለምርመራው ክፍያ አለ፤ ባለ ጀልባው ይከፍላል።

አይገባም የሚለው አስጋሪ ደግሞ እንዲህ ቢል አልፈርድበትም። «የታሆው ሰው ጀልባ የሚነዳው ለመዝናኛ ነው። እኔ የምነዳው ለእንጀራ ነው። መረቤ ሲደርቅ ሁለትና ሦስት ቀን ቢውል ልጆቼ ምን ይበላሉ? አረሙን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። ነፋሱንስ ማን ይቀጣዋል? የማጠቢያ ቦታ ሳታበጁልኝ እጠብ ትሉኛላችሁ። መረቤን የሚወርሰው ተቆጣጣሪ ግን አይጠፋም።»

ይህ ቃል እውነት አለበት። በአንድ ሐይቅ ውስጥ አረሙን ወዲያና ወዲህ የሚነዳው በአብዛኛው ነፋስ ነው። የጣና ታንኳ ከደንገል የሚሠራ ነው፤ ከጣና ወጥቶ ሌላ ሐይቅ አይሄድም። ያን ታንኳ ዕለት ዕለት አቁሞ መመርመር ሰውን ማስመረር ብቻ ይመስለኛል። የሞተር ጀልባ ግን ልዩ ነገር አለው። በአረሙ መካከል ሲያልፍ ይቆራርጠዋል፤ ሥር የያዘ ቁራጭ ደግሞ ራሱን ችሎ ይበቅላል። ስለዚህ በአረሙ ላይ አለማለፍ በዚያው ሐይቅ ለሚውልም ሞተረኛ የሚገባ ግዴታ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ደንብ ያስፈልጋል እላለሁ። ነገር ግን ደንቡ የሚጠብቀው መንገዱን ይሁን። ዕቃው ከአንድ ውሃ ወጥቶ ወደ ሌላ ውሃ የሚሄድ ከሆነ መታጠብ ግዴታ ይሁን። በዚያው ውሃ የሚውለውን ታንኳ ደንቡ ይተወው። ሁለተኛ፣ ማጠቢያው ከቅጣቱ ይቅደም። የውሃ ቧንቧ፣ ማስጫ ቦታ፣ ቢቻል ለተራ የሚሰጥ ደረቅ መረብ ይዘጋጅ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ስለ ዓሣ ማስገር ሥራ የወጣ ነው፤ የአስጋሪ ሁሉ ጉዳይ ግን አዋጅ ብቻ አይፈታውም። ሦስተኛ፣ ጀልባ ብቻ ተብሎ አይቅር። መረቡም፣ በርሜሉም፣ አበባ ሻጩም ይጠየቅ። ደሃውን አስጋሪ ይዞ የሆቴሉን ኩሬ መተው ፍርድ አይባልም።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ይህ እኛን ይነካል። እምቦጭ የሚወፍረው በቆሻሻ ነው። ከመጸዳጃና ከፋብሪካ የሚወጣ ፍሳሽ፣ ከማሳ የሚታጠብ ማዳበሪያ፣ ለእሱ ምግቡ ነው። የአባ ሳሙኤልን እምቦጭ የሚቀልበው ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ በአቃቂ ወንዞች የሚወርደው ቆሻሻ ነው። አስጋሪው መረቡን እንዲያጥብ የሚያስገድድ መንግሥት፣ ፋብሪካው ፍሳሹን አጣርቶ እንዲለቅም ያስገድድ። አስጋሪው ይህን ቢጠይቅ መብቱ ነው።

አሁን ስለ አስተጣጠቡ። መጀመሪያ መረቡን ዳር ላይ አራግፉ። ቅጠል፣ ሥር፣ ጭቃ አንድም አይቅር፤ ዘሩ ያለው ጭቃው ውስጥ ነው። ጀልባው ውስጥ የቀረውን ውሃ እዚያው አፍስሱ። ከዚያ ከዳርቻው ራቅ ብላችሁ በንጹሕ ውሃ እጠቡ፤ እጣቢው ተመልሶ ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ወንዝ አይግባ። በመጨረሻ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ እስኪደርቅ ጠብቁ።

በገፈርሳ ዳር ወይም በሱሉልታ ሜዳ ኩሬ ላይ ያበጠ እግር ያለው ባለ ወይን ጠጅ አበባ ብታዩ፣ ቀጥፋችሁ ወደ ቤት አትውሰዱ። አንድም ቢሆን ከነሥሩ አውጡት፤ ጎርፍ ከማይደርስበት ደረቅ መሬት ላይ አድርጉት። ያያችሁበትን ቦታና ቀን በደብተራችሁ ጻፉ። መጻፍ ተምራችሁ የለ! ጽሑፉን ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ስጡ። ሰበታ ያላችሁ ደግሞ የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል በከተማችሁ አለ፤ ቅጠሉን በደረቅ ወረቀት ጠቅልላችሁ ብታሳዩ እምቦጭ መሆን አለመሆኑን ይነግሯችኋል።