«ቁልፍ»፤ በመርካቶ የሱቅ ይዞታና የኪራይ ልማድ

በሕግ ዐይን ሱቅ የያዘ ነጋዴ ወይ ባለቤት ነው ወይ ተከራይ። በአዲስ አበባ መርካቶ ግን በሁለቱ መካከል የቆመ ሦስተኛ መብት አለ፤ በነጋዴዎችም አነጋገር «ቁልፍ» ይባላል። ቁልፍ መግዛት ማለት ቤቱን መግዛት አይደለም፤ በቤቱ ውስጥ የመነገድን ዕድል ቀድሞ ከያዘው ተከራይ በገንዘብ መረከብ ነው። የወሩ ኪራይ እንደ ቀድሞው ለቤቱ ባለቤት ይከፈላል።

ይህ ልማድ እንዴት እንደ ጸና ለመረዳት የገበያውን ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል። የከተማው ዋና ገበያ ቀድሞ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ጊዜ ጣሊያኖች ያገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው ዛሬ ባለበት ስፍራ ተከሉት፤ «መርካቶ» የሚለውም ስም ከቋንቋቸው ቀረ። ከነጻነት በኋላ በተለይ ከጉራጌና ከስልጤ አገር የመጡ ነጋዴዎች ከጉሊትና ተዘዋውሮ ከመቸርቸር ተነሥተው ሱቅ እየያዙ ተደላደሉ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ፥ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ዋሉ። ኪራዩ ለረጅም ዘመን ዝቅ ብሎ ሲቀር የስፍራው ዋጋ እየናረ ሄደ። ከሁለቱ ልዩነት የሚገኘው ጥቅም ለባለቤቱ ሳይሆን ለያዡ ደረሰ፤ የቁልፍ ዋጋ የሚባለውም ይኸው ነው። ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. እንደ ተደረገው ያለ የመንግሥት የንግድ ቤቶች ኪራይ ጭማሪ በመጣ ጊዜ፥ ጉዳቱ ቁልፉን በውድ ለገዛው ሰው ይብሳል።

የቁልፉን ገንዘብ ነጋዴው ብዙውን ጊዜ ከእቁብ ዕጣ ወይም ከዘመድ ብድር ያገኘዋል። ደላላ ያገናኛል፤ ጎረቤት ባለሱቆች ይመሰክራሉ። በወረቀት ላይ ግን ነገሩ በሽርክና ወይም በውክልና ስም ይሰፍራል፤ ተከራይ የሆነ ሰው የመንግሥትን ቤት መሸጥ አይችልምና። ከዚህ የተነሣ ገዢው የዕድሜውን ጥሪት ያፈሰሰበት መብት የሚጸናው በሰው ቃል ነው። እርሱ ሲሞት፥ ወይም ስሙ በውሉ ላይ ያለው ሰው ሲክድ፥ ሚስትና ልጆች የሚተማመኑት በሰነድ ሳይሆን በምስክር ነው።

እንግዲህ ነጋዴው ይህን ሁሉ እያወቀ ስለ ምን በሌላ ስፍራ የራሱን ቤት አይፈልግም? መልሱ በገበያው አሰፋፈር ይገኛል። በመርካቶ ዕቃ በየወገኑ ተለይቶ ይሸጣል፤ ሸማ ተራ፥ ምናለሽ ተራ፥ በርበሬ በረንዳ የሚሉት ስሞች የዚሁ ምልክት ናቸው። ከተራው የወጣ ነጋዴ ግድግዳና ጣራ ቢያገኝም ደንበኛውን፥ በዱቤ የሚያስረክበውን አከፋፋይና የዕለቱን የዋጋ ወሬ ያጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም ነገሩን በመጠኑ ተመልክቶት ነበር፤ የንግድ መደብርን ግዙፍነት የሌለው ንብረት አድርጎ ሲቈጥር፥ ከደንበኞችና ከንግድ ስም ጋር የቤቱን የኪራይ መብት ከክፍሎቹ አንዱ አድርጎታል።

ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ ብዙ የመርካቶ ነጋዴዎች በአክሲዮን ማኅበር እየተሰባሰቡ በአሮጌ ሱቆች ፈንታ ፎቅ አቁመዋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 በጋራ ሕንፃ ውስጥ አንዱን ክፍል በግል መያዝን ፈቀደ፤ መሬቱ ግን በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በዚህ መንገድ ባለቤት የሆነው ነጋዴ ከቁልፍ ገዢው የሚሻል ሰነድ አለው። ሆኖም የምድር ወለል ለሁሉ አይበቃም፤ አራተኛ ፎቅ የደረሰው ባለቤት፥ በመንገድ ዳር ካለው ተከራይ ያነሰ ገዢ ሊያይ ይችላል።

ስለዚህ በመርካቶ «የራስ ይሻላል ወይስ ኪራይ» የሚለው ጥያቄ ቤትን ከቤት በማስተያየት ብቻ አይፈታም። ነጋዴው ዋጋ የሚከፍለው ለደጁ ነው። ቤቱና ውሉ በመዝገብ ይገኛሉ፤ የደጁን ባለመብት የሚያውቀው ግን ጎረቤት ነው። ገበያው ፈርሶ በሚሠራበት ጊዜ ጎረቤት ይበተናል፤ ከጎረቤትም ጋር ምስክሩ ይጠፋል። ያን ጊዜ ባዶ እጁን የሚቀረው ቁልፉን ከሁሉ በኋላ የገዛው ሰው ነው።