ሰርቨሩ ሳይቆም «ቆሟል» የሚለው ማስጠንቀቂያ

የአንድ ተቋም ሰርቨር ስርዓተ ክወና ሌሊት ይሻሻላል፤ ማለዳ ላይ የኔትወርክ መቆጣጠሪያው «ሰርቨሩ ቆሟል» የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ያሳያል። ተገልጋዮች ግን እንደወትሮው እየተስተናገዱ ነው።

ማስጠንቀቂያውን አጥፍቶ ማለፍ ቀላል ይመስላል፤ ሰርቨሩ በእውነት በቆመ ዕለት ግን የሚነግር አይኖርም።

ብዙውን ጊዜ ዝም ያለው ሰርቨሩ ሳይሆን፣ በውስጡ ሆኖ ለመቆጣጠሪያው መረጃ የሚያቀብለው ፕሮግራም ነው። በዴቢያንና በኡቡንቱ የኤስኤንኤምፒ አገልግሎት ሲጫን ምላሽ የሚሰጠው በ127.0.0.1 አድራሻ፣ ማለትም ከራሱ ከሰርቨሩ ለሚመጣ ጥያቄ ብቻ ነው። ባለሙያው አስቀድሞ ያስተካከለው የቅንብር ፋይል በማሻሻያው ወቅት በአዲስ ከተተካ አገልግሎቱ ወደዚሁ ይመለሳል።

በመሆኑም የአገልግሎቱ መነሳት፣ ጥያቄ የሚቀበልበት አድራሻና በፋየርዎሉ ላይ የዩዲፒ 161 ወደብ መከፈት በቅደም ተከተል ይፈተሻሉ። የቀድሞው ፋይል ብዙውን ጊዜ በዚያው ማህደር ውስጥ ስሙ ተቀይሮ ስለሚቀመጥ፣ ከአዲሱ ጋር ማነጻጸር ይቻላል።