ስለ አፈርሳታ፤ በኅብረት ስለሚደረግ የወንጀል ምርመራ

ወንጀል በማናቸውም ሕዝብ ዘንድ ይገኛል። ፈረንሳዊው ሊቅ ኤሚል ዱርኬም በ1893 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ቅጣት ከጥፋተኛው ይልቅ የቀሩትን ሰዎች የጋራ ስሜት ለማጽናት እንደሚያገለግል፥ በ1895 እ.ኤ.አ. ባሳተመውም ወንጀል ከማኅበራዊ ኑሮ የማይለይ መሆኑን አስረድቷል። ይህ አስተሳሰብ በኢትዮጵያ በቀድሞ ዘመን ይሠራበት የነበረውን፥ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የተባለውን ልማድ ለመመርመር ይረዳል።

አፈርሳታ የሚደረገው ጥፋቱ ታውቆ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ሲቀር ነበር። ከብት ሲሰረቅ፥ ቤት ሲቃጠል፥ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲሰወር፥ ተበዳዩ ወይም ወገኑ ለአገሩ ሹም ያመለክታል፤ ሹሙም ነዋሪው ሁሉ ከአንድ ሜዳ ላይ እንዲሰበሰብ ያዝዛል። ሳይመጣ የቀረ መቀጫ ይከፍላል። የተሰበሰቡትም ያዩትንና የሰሙትን በመሐላ ይጠየቃሉ። ስሙ እንዲገለጥ የማይወድ ሰው የሚያውቀውን በስውር ያስታውቅ ነበር፤ ነገሩም «ወፍ» እንደ ተናገረችው ተቈጥሮ ይቀርባል። ጠቋሚው ከጥፋተኛው ዘመዶች ቂም የሚድነው በዚህ ነበር። ጥፋተኛው ካልተገኘ ግን ነዋሪው አዋጥቶ ካሣውን ይከፍላል።

የልማዱ ኃይል የሚገኘው በሹሙ በትር ሳይሆን ዝምታን ውድ በማድረጉ ነው። ለገበሬ ከእርሻው ተለይቶ በሜዳ መዋል ራሱ ኪሳራ ነው፤ ጎረቤቱን የሚሸሽግም ሰው የሌላውን ጥፋት ከራሱ ጎተራ እንደሚከፍል ያውቃል። ስለዚህ ፖሊስ በሌለበት አገር መንደሩ ሁሉ ዘብ ይሆናል፤ ማን በሌሊት ከብት እንደ ነዳ መመልከትም የእያንዳንዱ ጥቅም ይሆናል። መድኃኒት የጠጣ ልጅ ሮጦ የወደቀበት ቤት ባለቤት እንደ ሌባ ከሚያዝበት ከሌባ ሻይ ልማድ ጋር ሲነጻጸርም፥ አፈርሳታ ቢያንስ የሰውን ምስክርነት መሠረት ያደርጋል።

ይሁን እንጂ «ጥፋተኛውን አውጡ» ተብሎ የተጨነቀ ሕዝብ የሚያወጣው ሰው ሁልጊዜ ጥፋተኛው ነው ለማለት አይቻልም። ብዙ ወገን ያለውን ሰው መጠቆም ያስፈራል፤ ዘመድ የሌለውን መጻተኛ ወይም በቡዳነት የሚታማውን ቀጥቃጭ መጠቆም ግን ይቀላል። አሜሪካዊው ሃዋርድ ቤከር በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ከሥርዐት የወጣ የሚባለው ሰው በሥራው ብቻ ሳይሆን ሌሎች በሚያወጡለት ስም ጭምር እንደሚታወቅ አመልክቷል። ወፏን ከቂም የሚሰውራት መጋረጃ ሐሰተኛውንም ጠቋሚ ይሰውራልና፥ የልማዱ ብርታትና ድካም ከአንድ ምንጭ ይወጣሉ።

በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ እርሱን የተካውም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ፥ ቅጣትን በየሰዉ የግል ጥፋት ላይ ይመሠርታሉ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ተከሳሽ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ የመገመትና በራሱ ላይ ለመመስከር ያለመገደድ መብት ሰጥቶታል። በዚህ ሥርዐት ውስጥ መንደርን በዕዳ ማስያዝ ስፍራ የለውም። ቢሆንም ምስክር ደም መላሽን ፈርቶ አፉን የሚዘጋበት ችግር በአዋጅ ብቻ አይወገድም፤ አፈርሳታ የተፈጠረውም ለዚህ ችግር ነበር። እንግዲህ ልማዱን የሚያጠና ሰው ስንት ሌባ እንደ ተያዘበት ብቻ ሳይሆን፥ በዚያ ሜዳ ላይ ስለ እርሱ የሚናገርለት ያጣው ማን እንደ ነበረ ሊጠይቅ ይገባዋል።