“ጂን ነው” ከማለታችን በፊት

በአንድ ቤት ሌሊት ኮቴ ይሰማል፤ በር ይንኳኳል፤ ጥላ ያልፋል። “ቤቱ ጂን አለበት” ይባልና ወሬው ሰፈሩን ያዳርሳል። እኛም ከተማሪዎቻችን ይህን መሰል ጉዳይ ሳንጠየቅ የምናሳልፈው ዓመት የለም። ታዲያ እንዲህ ሲባል ምን ማድረግ ይገባናል?

አንድ ታሪክ እናንሳ። በ1912 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አንድ ቤተሰብ ወደ አንድ ትልቅ አሮጌ ቤት ገባ። ብዙም ሳይቆይ ኮቴ መስማት ጀመሩ። የቤቱ እመቤት አንድ ሌሊት ስትነቃ ወንድና ሴት ከአልጋዋ ግርጌ ተቀምጠው አየች። ልጆቹ ገረጡ፤ እርሷንም ራስ ምታት ያዛት፤ በቤት ውስጥ ያሉት አበቦች ሳይቀሩ ደረቁ። በመጨረሻ ቤቱን የሚያሞቀው ምድጃ ሲመረመር ተበላሽቶ ተገኘ። በጭስ ማውጫው መውጣት የነበረበት ጋዝ ወደ ክፍሎቹ ይገባ ነበር። ይህም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ገዳይ መርዝ ነው። ታሪኩን ዊልያም ዊልመር የተባሉ የዓይን ሐኪም በ1921 በሕክምና መጽሔት አሳትመውታል። ያ ቤተሰብ “መንፈስ ነው” ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ምን ይገጥመው ነበር?

ዛሬ በምዕራቡ ዓለም መሣሪያ ይዘው በሌሊት “መንፈስ እናድናለን” የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። ልጆቻችንም በቴሌቪዥንና በስልክ ያዩዋቸዋል። ሆኖም ብዙዎቹ የሚይዙት መሣሪያ የተሠራው በኤሌክትሪክ ሽቦና ዕቃ ዙሪያ ያለውን መግነጢሳዊ ኃይል ለመለካት ነው። በግድግዳ ውስጥ ያለፈ ሽቦ ወይም የኪስ ስልክ ያስጮኸዋል። በፎቶ ላይ የሚታየው ክብ ብርሃንም ብዙውን ጊዜ ፍላሽ ያረፈበት አቧራ ነው። የእነዚህ ሰዎች ጥፋት መመርመራቸው አይደለም፤ መልሱን አስቀድመው ይዘው መግባታቸው ነው።

ወጣቶች ደግሞ “ሌሊት ነቅቼ መንቀሳቀስ አቃተኝ፤ ደረቴን አንዳች ነገር ተጫነኝ” ይሉናል። ይህ ዱካክ የምንለው ነው። አእምሮ ነቅቶ ሰውነት ገና ከእንቅልፍ ሳይፈታ ሲቀር ይከሰታል፤ በደቂቃዎች ውስጥም ያልፋል።

እኛ ሙስሊሞች በጂን መኖር እናምናለን፤ ቁርኣን ነግሮናልና። ነገር ግን “ጂን አለ” ማለትና “ይህ ድምፅ የጂን ነው” ማለት ለየቅል ናቸው። ሱረቱ ሰበእ እንደሚተርክልን፣ ጂኖቹ ራሳቸው የነብዩ ሱለይማንን (ዐ.ሰ) መሞት ምርኩዛቸው ተበልቶ እስኪወድቁ ድረስ አላወቁም። የሩቁን ምስጢር ጂን ካላወቀ፣ ገንዘብ ተቀብሎ “በቤታችሁ ያለውን አውቃለሁ” የሚል ሰው ከወዴት አወቀው? ሱረቱል ሑጁራትም ወሬን ሳናጣራ እንዳንቀበል ታስጠነቅቀናለች።

ወላጆች ሆይ! የአሜሪካው ምድጃ በእኛ ቤት ባይኖር ከሰል አለ። በብርድ ሌሊት በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል አንድዶ መተኛት ነፍስ ያጠፋል። የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ቢያመው፣ ቢያዞረው፣ ቢያቅለሸልሸው በሩ ይከፈት፤ ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣ፤ ሳይዘገይም ወደ ሐኪም ይሂድ። ቁርኣን መቅራትም ዱዓ ማድረግም ይቀጥል፤ ሰበቡን ማድረስ ግን ግዴታችን ነው።

አላህ አጣርተው ከሚናገሩት ያድርገን። አሚን!