የአባት የኪራይ ቤት፤ ይሸጥ ወይስ ይቆይ?

አባት በላቡ ሠርቶ ያከራየው ቤት፥ እርሱ ካለፈ በኋላ ለልጆቹ በረከትም ጠብም ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ አንዱን የሚያደርገው ግን ቤቱ ሳይሆን፥ ስለ ቤቱ የሚደረገው ምክር ነው።

በቅርቡ አንድ የአዲስ አበባ ቤተ ሰብ ለሽምግልና ጠርቶን ነበር። አባትየው በ1988 ዓ.ም. ባለ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት ሠርተው አከራይተዋል። እናትየው እስከ ዛሬ የሚተዳደሩት በዚሁ ኪራይ ነው። ታላቁ ልጅ «ጣራው አርጅቷል፤ ሽጠን እንካፈል» ሲል፥ ታናሺቱ «የአባቴ ላብ አይሸጥም» አለች። መካከለኛው ደግሞ «ነባሮቹን አስወጥተን በእጥፍ እናከራየው» ይል ነበር። እናትየው ነጠላቸውን ተከናንበው ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር።

ነገሩን ስንመረምር ከክርክሩ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ሦስት ጥያቄዎች ተገኙ።

አንደኛ፥ ቤቱ የማን ነው? በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተ ሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት የባልና የሚስት የጋራ ስለ ሆነ፥ እኩሌታው የእናትየው ነው። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ልጆች በእኩልነት የሚካፈሉት የአባትን ድርሻ ብቻ ነው። ይህን ሲሰማ ታላቁ ልጅ አንገቱን ደፋ፤ እናቱን ሳያማክር ገዢ ሲያፈላልግ ከርሞ ነበርና።

ሁለተኛ፥ ቤቱ ምን ያስገባል? ወረቀት አስመጥተን ጻፍን። ኪራዩ በወር 6,000፥ በዓመት 72,000 ብር ነው። ለጣራው የተጠየቀው 90,000 ብር የአሥራ አምስት ወር ኪራይ ይበላል፤ ግብሩም አለ። በሌላ በኩል ቤቱ ተሽጦ ገንዘቡ ዝም ብሎ ቢቀመጥ፥ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ እየተመነ የደረሰበትን ያየ ሰው ጉዳቱን አይስተውም።

ሦስተኛ፥ ተከራዮቹስ? በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም፤ የኪራይ ጭማሪውም በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ከሕጉም በላይ፥ እነዚያ ሰዎች 17 ዓመት ኪራይ ሳያጓድሉ የኖሩ፥ አባትየው በታመሙበት ሌሊት ተሸክመው ሐኪም ቤት ያደረሱ ናቸው። መካከለኛው ልጅ ያን ሌሊት ክፍለ ሀገር ነበር።

በመጨረሻ እናትየው ተናገሩ፤ «እኔ እስካለሁ ጣራውን ክደኑልኝ። ከእኔ በኋላ ተስማምታችሁ የወደዳችሁትን አድርጉ» አሉ። ሦስቱ ልጆች እያንዳንዳቸው 30,000 ብር ሊያዋጡ፥ ወደ ፊት ቤቱ የሚሸጥ ከሆነም ሊገዛ ለሚፈልግ ወንድም ወይም እኅት ቅድሚያ ሊሰጡ ተስማምተው፥ በምስክሮች ፊት ፈረሙ። ታላቁ ልጅ ፊቱ ሙሉ በሙሉ ባይፈታም ፈርሟል።

ይህ ውሳኔ ለሁሉ ቤት ይሆናል አንልም። በኪራዩ የሚጦር ሰው ከሌለ፥ ጥገናውም ገቢውን የሚበልጥ ከሆነ፥ መሸጥ ነውር አይደለም። ነውሩ ባለቤቲቱ ሳትጠየቅ፥ ሒሳቡም ሳይጻፍ መወሰን ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፥ እናትና አባት በሕይወት ሳሉ ተቀምጦ መመካከር ከብዙ ዓመት የፍርድ ቤት ምልልስ ያድናል።